የኩታበሩ ዜማ እና የከድጃ ቆርቆሮ

ኪነት ቡድን የገባሁ ዕለት ማዕረግ ተሰጠኝ። የአኮርዲዮን ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሠራተኛ፣ ከእኔው አኮርዲዮን በቀርም አኮርዲዮን አልነበረም። ቢሆንም ኃላፊነት ኃላፊነት ነው፤ ያን ቀን ደሴን ደረቴን ነፍቼ ነው ያቋረጥኳት።

የቡድናችን መሪ ጓድ በላቸው ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ተማሪ ቤት መዝሙር ሲያስጠኑ የኖሩ፣ ጆሯቸው የማይሳሳት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ፊታቸው የሚለዋወጥ ደግ ሰው። አኮርዲዮኔን ከሳጥኑ አውጥቼ ሳሳያቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። እሳቸው የሚያውቁት አኮርዲዮን ትልቅ፣ በጎኑ እንደ ፒያኖ ጥርስ የተደረደረለት ነው። የእኔው አሥር ቁልፍ ብቻ ያለው፣ በአንድ ክንድ የሚታቀፍ ትንሽ ሳጥን ነው።

“ይኼ ገና ያድጋል ወይስ በዚሁ ይቀራል?” አሉኝ።

እያደገ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወናፉን ስቤ ስጫወትላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፁ ከመጠኑ ጋር አይገናኝም። ወዲያው ንብረት ክፍል ወስደው ቁጥር አስለጠፉበት፤ እኔን ኃላፊ፣ አኮርዲዮኔን የመንግሥት ንብረት ያደረጉን በአንድ ቀን ነው።

ከየት እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ሰጠኝ ብዬ አለፍኩት። ውሸት አልነበረም። የሰውየው አገር የት እንደሆነ ግን አልጨመርኩም።

ከአብዮቱ በፊት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ተከራይቶ ይኖር ለነበረ አሜሪካዊ አስተማሪ ዘበኛ ነበርኩ። ሉዊዚያና ከሚባል፣ ረግረግና የሩዝ እርሻ ከሞላበት አገር የመጣ ነው። አያቶቹ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ገበሬዎች እንደነበሩና ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ በአኮርዲዮን ይጨፍር እንደነበር ያጫውተኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አሠልጥኖኛል። ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ስሳሳት አይቆጣም፣ ይስቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ይመጡና በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ሸክላ እያጫወቱ፣ አስተማሪውም አጨዋወቱን እያሳያቸው ይጨፍሩ ነበር። እኔ በሩን ከፍቼ አስገባቸውና ውጭ እቆማለሁ። ስለዚህ ያን ሙዚቃ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። ይኼን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

አስተማሪው ሲሄድ አኮርዲዮኑንና አንድ ሸክላ ተወልኝ። ማጫወቻ ስላልነበረኝ ሸክላው አልጠቀመኝም፤ የሚጠቅመኝ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ነበር። አንድ ጥቁር ሰውዬ እንደ ሰደርያ የተሰፋ ቆርቆሮ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። መዳፎቹ ከፎቶው ውጭ ቀርተዋል። ሌላው ሁሉ ከእነዚያ መዳፎች መቅረት የመጣ ነው።

በቡድኑ የቆየሁበትን የመጀመሪያ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርን አንድ ዓይነት ሰልፍ ላይ አንድ ዓይነት መዝሙር እንጫወታለን። ከሌላው ቡድን የምንለየው በሸሚዛችን ቀለም ነበር።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። የኪነት ቡድኖች በዝተዋልና ይቀነሱ ተባለ። ሁሉም ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ አዳራሽ፣ በሠራተኞች በዓል ላይ ይቀርባል፤ ከሰፊው ሕዝብ የተገኘ፣ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ነገር ያላመጣ ቡድን ይፈርሳል። መሣሪያውም ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። እኔ ሥራዬን ባጣ ሌላ ዘበኝነት አላጣም ነበር። አኮርዲዮኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሰባበረ ወንበር ጋር ሲከመር ግን ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ጓድ በላቸው ሰብስበውን ያልተሰማ ነገር ያለው ይናገር አሉ። እኔ ደግሞ ስጨነቅ እጄ አያርፍም። የቅዳሜውን ዜማ ቀስ ብዬ ጀመርኩት። ይህ አኮርዲዮን ቁልፉ አሥር ቢሆንም ሰባት ድምፅ ነው ያለው፤ ሁለቱን ከዘለልኩ የትዝታ ቅኝት ይሆንልኛል። ዘለልኩ። ዜማው ትንሽ ቆይቶ የእኛ ሰው መሰለ።

“ይኼ የየት ነው?” አሉ ጓድ በላቸው።

የእናቴ አገር ኩታበር ነው፤ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው እሱ ሆነ። ኩታበር አኮርዲዮን አለ እንዴ ብለው ጠየቁ። አኮርዲዮኑ የእኔ ነው፣ የኩታበሩ ዜማው ነው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እሳቸው እኮ ጆሮ ያላቸው ሰው ናቸው። ቢሆንም ቡድኑ እንዳይፈርስ ከእኔ ይልቅ የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩና እስክሪብቷቸውን አወጡ። ማታውኑ ስለ ገበሬ ማኅበርና ስለ አዝመራ ግጥም ተጻፈለት።

አሁን የጎደለው ያ ከመጋረጃው ጀርባ እሰማው የነበረው ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ነው። ከሽፋኑ ላይ ጽሑፉን ሁሉ በጋዜጣ ለጥፌ ሸፈንኩና ፎቶውን ብቻ ይዤ ጋሽ ሳልህ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሳልህ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ደሴ ውስጥ ስንት ቤት በቆርቆሮ ያለበሱ ሰው ናቸው። ፎቶውን አዙረው አዙረው አዩት።

“ይኼ ሰውዬ የየት ነው ልጄ?” አሉ።

“የባሌ ነው።”

“ወላሂ፣ ባሌ ስነግድ ኖሬ ቆርቆሮ የለበሰ አላየሁም።” ከዚያ መቀሳቸውን አነሡ። “አብሽር፣ እኔ ጣሪያ ነው የማውቀው። ለሰው ደረትም ጣሪያ እሠራለሁ።”

ለባሿ የቡድናችን ተወዛዋዥ ከድጃ ነች። ከድጃ የገራዶ ልጅ ነች፤ በእስክስታ የሚደርስባት አልነበረም። ፎቶው ላይ እጅ ስለማይታይ፣ ድምፁ የሚወጣው በትከሻ ነው ብለን ደመደምን። ወሎ ውስጥ ተወልዶ፣ ደረቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ያሰረ ሰው አይቶ ሌላ የሚያስብ ካለ እስቲ ይምጣ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ከድጃ ትከሻዋን አወረደችው፣ ቆርቆሮው ግን ትንፍሽ አላለም። አንገቷን ብቻ ቧጠጣት። ይኼን ለበሬ አልብሱት ብላ ወረወረችው። ወደ ጋሽ ሳልህ ተመለስን። ሳያጉረመርሙ ቆርቆሮውን እንደ ዓሣ ቅርፊት ቆራርጠው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፣ በልል ሚስማር አያያዙት፤ ጠርዙንም የቢራ ቆርኪ ቀጠቀጡበት፣ አንገቱን በጨርቅ ለበጡት። ከድጃ ዳግም ለብሳ ትከሻዋን አንድ ጊዜ ብቻ ሰበቀችው። ቸክ አለ። ጋሽ ሳልህ ያረቢ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ጓድ በላቸውም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት የሚቀመጠው፣ ቡድን የሚያቆምና የሚያፈርሰው፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመደበው ካድሬ ጓድ ዓለሙ ነው። ካኪ ለብሷል፣ ፀጉሩን እስከ ቆዳው ተላጭቷል፣ ፊቱ አይፈታም። ሌሎቹ ቡድኖች ሲጫወቱ ዓይኑን እንኳ አላነሣም።

ጀመርን። መጀመሪያ ብቻዬን አኮርዲዮኑን፣ ከዚያ ከበሮው፣ ከዚያ ከድጃ በቆርቆሮዋ እየሮጠች ገባች። ሰው ሳቀ። ትከሻዋን ስታወርደው ግን ሳቁ ቆመና ጭብጨባ ሆነ። የፋብሪካው ሴቶች ወንበር ገፍተው ተነሡ። በሕይወቴ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ያ የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ሰውዬ ለምን እንደሚስቅ ገባኝ።

በዜማው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፣ ሁሉም መሣሪያ ድንገት ጸጥ ብሎ እንደገና የሚነሣበት። ማንም ስለማያውቀው አዳራሹ በሙሉ ያለቀ መስሎት ጸጥታው ላይ አጨበጨበ። እኔ በዚያች ቅጽበት ወደ ታች አየሁ። የጓድ ዓለሙ ጫማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወለሉን ሲመታ ነበር። ጸጥታው ላይ ቆመ። ዜማው ሲነሣ አብሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ሥርዓት ያለው እግር ነው ብዬ ብቻ አለፍኩት።

ጓድ ዓለሙ አላጨበጨበም። በነጋታው ደሴ ቢሮው ድረስ እኔን ብቻ እንደሚፈልገኝ ተነገረን።

በዚያ ዘመን ቢሮ ተጠርቶ መሄድ ምን እንደሆነ ለነበረበት ሰው አልነግርም፣ ያልነበረበትም አባቱን ይጠይቅ። ጓድ በላቸው አብረውኝ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ኮታቸውን ደርበው ነበር፤ ምናልባት ካደርን ብርድ እንዳይመታቸው ነው። አኮርዲዮኑንም አምጣ ስለተባልኩ ታቅፌው ገባሁ። ከእጄ ሲወስዱት ማየቱ ነበር ከምንም በላይ ያስፈራኝ።

ጓድ ዓለሙ ጸሐፊዋን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ሽጉጡ ከወረቀቶቹ አጠገብ ተቀምጧል። ዜማው የየት እንደሆነ ጠየቀኝ። የኩታበር ነው ጓድ አልኩ።

“እኔ ኩታበር ነው ተወልጄ ያደግሁት” አለ።

እናቴ ናት ያስተማረችኝ ልበል፣ እናቴንም ማስጠራቴ ነው። ከባሌ ነው ልበል፣ አሁን ኩታበር ብያለሁ። አኮርዲዮኔን አጥብቄ ታቀፍኩት። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲያናድደው ያደረ ነገር እንደሆነ በሚያስታውቅ ሁኔታ ተናገረ።

“ቆርቆሮው በትከሻ አይደለም። በሁለት ማንኪያ ነው የሚፋቀው።”

ቀና ብዬ አየሁት። በዚህ አገር ያን ቆርቆሮ በማንኪያ እንደሚፋቅ ሊያውቅ የሚችል ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ሲጨፍር የነበረ ብቻ ነው። የተላጨው ራሱ ላይ በሐሳቤ ፀጉር ጨመርኩበት፣ ካኪውን በተማሪ ሹራብ ለወጥኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድሞ የሚመጣው፣ አባቴ ከመጣ የለም በለው እያለ የሚለምነኝ ቀጭን ልጅ እሱ ነበር። ፍርሃቴ ወዴት እንደሄደ ሳላውቅ ጠፋ።

“ጓድ፣ እርስዎም ኩታበር ነው ያዩት?” አልኩት።

በሩን አየ። ሽጉጡን አየ። አኮርዲዮኑን አየና ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

“አዎ። ኩታበር ነው ያየሁት” አለ። “በሩን ማን ይከፍት እንደነበር ግን አላስታውስም።”

“እኔም ማን ይገባ እንደነበር አላስታውስም ጓድ።”

ሌላ አልተነጋገርንም። ስወጣ ጓድ በላቸው ኮታቸውን እንደደረቡ ብድግ አሉ። ምን አለ፣ ምን ተወሰነ ብለው ያዙኝ። ማንኪያ ታዘዘልን አልኳቸው። የዚያን ዕለት ከኮሪደሩ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ክንዴን ይዘውኝ ነው የሄዱት፤ እኔን የደገፉኝ መስሏቸው ነበር።

ቡድኑ አልፈረሰም። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና በሚቀጥለው ዝግጅት ደሴ ላይ ከድጃ ሁለት ማንኪያ ይዛ ወጣች። እጇ ሲሠራ ትከሻዋ ተኛ። ሰው ትንሽ ታገሠና ከኋላ አንዷ ሴትዮ ትከሻሽ የት ሄደ አለቻት። ከድጃ ለትእዛዝም ለካድሬም ደንታ የላትም። ማንኪያዎቹን ለከበሮ መቺው ወርውራ ትከሻዋን ለቀቀችው፣ አዳራሹም ተነሣ። እኔ ወደ ፊተኛው ወንበር አየሁ። ጓድ ዓለሙ ራሱን እየነቀነቀ ይስቅ ነበር። ሲጨርስ መድረክ ጀርባ መጥቶ ጓድ በላቸውን ጨበጣቸው። ኩታበር በሁለቱም መንገድ ይጫወቱታል አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዜማው የእኔ መሆኑ ቀረ። ኩታበር ሰርግ ላይ ስጫወተው አንድ አዛውንት አስጠርተውኝ፣ አያታቸው በወጣትነታቸው ይኼንኑ ያዜሙት እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ቦታ ላይም ዜማውን እንዳበላሸሁት አስረዱኝ። አመስግኜ፣ እሳቸው እንዳሉኝ አድርጌ ደገምኩት። እውነትም እሳቸው ያሉት ይሻላል፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምጫወተው።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ዜማውን ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቃችሁ ባለሥልጣን ሲመጣ፣ ከመመለሳችሁ በፊት እግሩን እዩት።