እማዋይሽ ሽምብራ ማሳ ላይ የቀረችበት ዓመት

በያጅነት የጀመርሁ ዕለት ዓይኔ ሊወጣ ደረሰ። ካቦው ጋሽ ውቤ፣ «መስተዋቱን ሳትይዝ እሳቱን እንዳታይ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ድንች በስሱ ተቆርጦ ዓይኔ ላይ ተደርጎልኝ ስቃትት አደርሁ። በማግስቱ ዓይኔ ቀልቶ ስመጣ ጋሽ ውቤ ሳቁብኝና «በል፣ አሁን በያጅ ሆንህ» አሉኝ።

ሥራችን ባሕር ዳር ላይ ጀልባ መጠገን ነው። የዛገውን ላሜራ ቆርጠን እናወጣለን፣ አዲስ እንበይዳለን፣ ቀለም ቀብተን ወደ ውሃ እንመልሳለን። በረዳትነት ገባሁ፣ በያጅ ሆንሁ፣ ጋሽ ውቤ ጡረታ ሲወጡ ካቦነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ብዙ ጀልባ ወደ ጣና መልሻለሁ። የማወራችሁ ግን ስላልመለስኋት ነው። ሰው ያቃተውን ለምን ያወራል አትበሉኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

እማዋይሽ የማኅበር ጀልባ ነበረች። ትልቅ፣ የብረት፣ ከባሕር ዳር ወደ ደሴቶቹና ወደ ማዶ ሰውና እህል የምታመላልስ። ነዳጅ እየጠፋ ሲያስቸግር ማኅበሩ ሸራ እንድንሰቅልላት አዘዘን። ድንኳን ሰፊዎች ሸራውን ሰፉ፣ እኔ ምሰሶውን በየድሁ። ነፋስ ሲኖር በሸራ፣ ሲጠፋ በሞተር ትሄዳለች። መጀመሪያ ወደብ ላይ ያልሳቀብን አልነበረም፤ በኋላ ሁሉም ጀልባቸውን ይዘው «ለእኛም ሥራልን» እያሉ መጡ።

ካፒቴኗ አያ ፈንቴ ናቸው። ዝምተኛ፣ ግትር፣ የገበሬ ልጅ። ከእሷ በፊት ሌላ ጀልባ ላይ ረዳት ነበሩ፤ ካፒቴን የሆኑት በእሷ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ተነሣ። እንቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመና ሞተሩ ቆመ። ሸራውን እናውርድ ሲሉ ገመዱ ከላይ ተቆላልፎ እምቢ አለ። ነፋሱ እየነዳ ከይፋግ በታች ያለው ሜዳ ላይ አስቀመጣት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ያ ሜዳ በክረምት ሐይቅ ነው፣ በበጋ ማሳ ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሞልቶ ይተኛበታል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ይሸሻል። ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እንግዲህ አስቡት፤ ጀልባዋ የተቀመጠችው ውሃው ሊሄድበት በተዘጋጀ ቦታ ላይ ነው።

ደውለውልኝ የሥራ ልጆቼን ይዤ ሄድሁ። አያ ፈንቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው አጠገቧ ቆመው አገኘኋቸው።

«አስማረ፣ ታወጣታለህ?» አሉኝ።

«እናወጣታለን እንጂ! እዚህ ልንተዋት ነው?»

«ማኅበሩ ሌላ የለውም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጀልባ አምኖ የሚሰጠኝ የለም። እሷ ከቀረች እኔም ቀረሁ፣ ይኸው ነው።»

ጭነቷን በታንኳ አራገፍን። መልህቋን በታንኳ ወስደን ጥልቁ ላይ ጣልን፣ የብረት ገመድ አሰርን፣ በፓራንኮ፣ በሰንሰለት መጎተቻው፣ መሳብ ጀመርን። ሰንሰለቱን ተራ በተራ ጎተትን። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ጓ! አለችና ትንሽ ሸርተት አለች። እልል ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣልን እሷ ሳትሆን መልህቁ ነው፤ ጭቃውን እያረሰ ወደ እኛ መጣ።

ሌላ ጀልባ መጥታ ትጎትታት ተባለ። ጀልባዋ ተገኘች፣ ነዳጅ ጠፋ። ነዳጁ ተገኘ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ። በመጨረሻ ስትመጣ ውሃው እማዋይሽ ጎን ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ጎታቿ ጀልባ ከሩቅ ቆማ አይታን ተመለሰች።

የማኅበሩ ሊቀመንበር በየጊዜው ይደውላል።

«ምን ደረሳችሁ?»

«ውሃው እየሸሸ ነው።»

«እንዴት ይሸሻል? ምነው አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»

«ጌታዬ፣ ውሃው እኔን አስፈቅዶ አይሄድ!» ብዬ ዘጋሁበት። ካቦ ሊቀመንበር ላይ ስልክ አይዘጋም፤ እኔ ዘጋሁ።

አንድ የሩዝ ገበሬ ትራክተሩን አመጣልን። እግዜር ይስጠው፣ ልቡ ቀና ነው። ትራክተሩ ገና ገመዱ ሳይወጠር እስከ ሆዱ ሰመጠ። ወይ ጉድ! አሁን የምናወጣው ሁለት ሆነ። ትራክተሩን በክሪክና በባሕር ዛፍ ግንድ ስናወጣ ሌላ ቀን ሄደ።

የቀረን ቦይ ነበር። ከውሃው እስከ ጀልባዋ ቆፍረን ውሃውን ወደ እሷ ማምጣት፣ ከዚያ በቦዩ መሳብ። ከየመንደሩ የቀን ሠራተኛ ቀጥረን ኅዳር ላይ ጀመርን። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ቁፋሮው ሄደልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ልጆቹም መዝፈን ጀመሩ።

ቦዩ ግን ቀጥ ብሎ ሲሄድ የእትዬ ጠጄ ማሳ ላይ ይወጣል። እትዬ ጠጄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚያች ቁራሽ ማሳ በቀር መሬት የሌላቸው ሴት ናቸው። ሽምብራው በቅሎ ጣት አክሏል። መጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ቁፋሮው ቆመ።

«የእናንተም እንጀራ ነው፤ ቆፍሩ» አሉ። «ምን አደርጋለሁ።»

እኔ ዶማዬን አነሣሁ። አያ ፈንቴ ክንዴን ያዙኝ።

«በዚህ አይሄድም።»

«አያ ፈንቴ፣ ምን ነካዎት? ሴትዮዋ ፈቅደዋል እኮ!»

«አልፈቀዱም። ቸግሯቸው ነው። የበቀለ ነገር በዶማ አልቆርጥም። በረግረጉ ሣር፣ በፊላው በኩል ዙሩ።»

«በፊላው ከዞርን ውሃው ይቀድመናል። በሞቴ ይስሙኝ!»

«ዙሩ አልሁ።»

ካፒቴኗ እሳቸው ናቸው፣ ትእዛዙም የእሳቸው። ዞርን። የፊላ ሥር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዶማው ይነጥራል፣ የተቆረጠው ይጠላለፋል፣ ጎኑ እየተናደ የቆፈርኸውን ይመልስልሃል። ልጆቹ ዘፈኑን ተዉት። እኔ ቀኑን ሙሉ አያ ፈንቴን በሆዴ ስረግም እውላለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ አብረን ከአንድ ሳህን እንበላለን።

ቦዩ ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላው ጫፉ ሄጄ አየሁ። ውሃው የለም። ከቦዩ አፍ አልፎ ሄዷል፤ የቀረው ጭቃና የሞተ እንቦጭ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ምን ያሳፍራል? አያ ፈንቴ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

እኔ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። እሳቸው ጀልባዋ ውስጥ ቀሩ፤ «ዘረፋ እንዳይደርስባት» አሉ። ጥር ላይ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ዙሪያዋን ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ላሞች በጥላዋ ተኝተዋል። እትዬ ጠጄ የሽምብራ እሸት በእቅፋቸው ይዘው መጡ።

«ያተረፉልኝን ይቅመሱ» ብለው ሰጧቸው።

አያ ፈንቴ አንድ በአንድ እየፈለፈሉ በሉ። ጀልባዋ መሬት ከያዘችበት ቀን ጀምሮ ፊታቸው ሲፈካ ያን ቀን ብቻ አየሁ። «አየህ አስማረ? አየህ?» አሉኝ።

ክረምቱን ጠበቅን። ዝናቡ ዘገየ። ውሃው መስከረም ላይ መጣና ጉልበት ሞላ፤ እሷ ግን ሆዷ ደለሉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ንቅንቅ አላለችም። ማኅበሩ ተቆራርጣ ለቁራጭ ብረት ትሸጥ ብሎ ወሰነ። የሚቆርጥ ማን ነው? ካቦው ነዋ።

መሬቱ ሲጠነክር ኦክስጅንና ጋዝ አስጭኜ ሄድሁ። አያ ፈንቴ ከዚያ በፊት ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ወጥተው ነበር። እኔው ከነልጆቼ ቆረጥኋት። ንዴቴ አልወጣልኝምና እትዬ ጠጄ ውሃ ሊያጠጡን ሲመጡ ጠየቅሁ።

«ለመሆኑ ያ ሽምብራ ስንት ሆነልዎት?»

መሬት መሬት አዩ። «ትል ፈጀው፣ ልጄ። ለዘር እንኳ አልበቃ። ያችን እሸት ለእሳቸው ከየሥሩ ለቅሜ ነው ያመጣኋት። አደራህን፣ እንዳትነግራቸው።»

አያ ፈንቴ ዛሬ አስፋልት ዳር ያለ ሕንፃ ይጠብቃሉ። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ። ስለ እማዋይሽ አንሥተው አያውቁም፤ ስለ ሽምብራው ግን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

«ጥሩ ሽምብራ ነበር፣ አይደል?»

«በጣም ጥሩ ነበር፣ አያ ፈንቴ» እላለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። መስከረም ላይ መሬት የያዘ ጀልባ ጥቅምት ሳያልቅ ካልወጣ አይወጣም። መንገዱ ላይ ማሳ ካለ ማሳውን ቁረጡ። እኔ አሁን ብሆን እቆርጠዋለሁ።