እትዬ መቀስ ወደ ጠረጴዛዋ

በስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም እትዬ መቀስ ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ ከመስመር ወጥታ አታውቅም።

አንጀቷን ታማ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ሰገራዋ የሚወጣው በሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ እዚያው ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ይቀበለዋል። ወደ ሥራ በተመለሰች በሳምንቷ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጎንበስ እንዳለች ልጣፉ ለቀቀና አፈሰሰ። ክፉ የተናገራት አልነበረም። የሁሉም ዝምታ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት አስመኛት። ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለች። በየሩብ ሰዓቱ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቀሚሷን ገልጣ ታያለች፤ ደረቅ ነው፤ ወጥታ ገና ሳትቀመጥ ደግሞ ትጠራጠራለች።

አለቃዋ ደወለላት። "እትዬ፣ እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በላይ ጠረጴዛው ባዶውን ሊቆም አይችልም።"

ሐሙስ ዕለት ልጇ ከሆስፒታል ትንሽ ካርቶን ይዛላት መጣች። ውስጡ ከልጣፉ ሥር የሚደረግ እንደ ወረቀት የሳሳ ቀለበትና የካፖርት ቁልፍ የምታህል ዕቃ አለ። እርጥበት ከልጣፉ ሥር መሄድ ሲጀምር፣ ገና ወደ ውጭ ሳይወጣ ዕቃዋ መልእክት ትልክና ስልኳ ይነዝራል።

"ስልክ ደግሞ ስለ ሆዴ ምን አገባው?" አለች።

"አንቺ ከምትጠብቂው እሱ ይጠብቅሽ፣ እማዬ።"

በማግስቱ ልትለጥፈው ስትል የቀለበቱ ጠርዝ ሰፋባት። ትርፍ ጠርዝ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት እጇ መቀሱን አነሳና ዙሪያውን አሳምሮ ከረከመው። ያን ቀን ስልኩ እየነዘረ መቀመጫ አሳጣት። አራት ጊዜ ገለጠች፤ አራቴም ደረቅ። ዋሾ ነው ብላ ልትጥለው ነበር። ሰኞ ትዝ ሲላት ግን በፌስታል ጠቅልላ ቅዳሜ ሆስፒታል ሄደች።

ነርሷ ቀለበቱን ወደ መብራቱ አንስታ አየችውና ሳቋ አመለጣት። "እናቴ፣ እርጥበቱን የሚያውቀው እኮ ጠርዙ ነው። ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ቆርጠውበታል።"

"አቆራረጤስ እንዴት ነው?"

"እሱማ በጣም ያምራል።"

ሌላ ሰጠቻት። ይሄን መቀስ ሳታስነካ ለጠፈችው።

ሰኞ ዕለት ስድስት ጊዜ የተደራረበ ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ተነጥፎ ጠበቃት። እጅጌውን ጨርሳ አንገቱ መሃል ስትደርስ የሽርጧ ኪስ ነዘረ። አንገት ጀምራ አቋርጣ አታውቅም። ጨርቁን አየች፣ ኪሷን ዳሰሰች፣ መቀሱን አስቀመጠች።

"ወዴት ነው? ገና ሳትጀምሪ ደከመሽ?" አለቻት አጠገቧ ልብስ የምትተኩሰው ሴት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሴን አመመኝ ትል ነበር። "ከረጢቴን ልቀይር ነው። ስልኬ ነገረኝ።"

ሴትዮዋ ካውያዋን ወደ ማስቀመጫው መለሰች። "የእኔማ ካርድ ማለቁን ብቻ ነው የሚነግረኝ።"

ልጣፉን ስታነሳ ከሥሩ የጥፍር ያህል እርጥበት አገኘች። ቀሚሷ ንጹሕ ነው። ጠርጋ፣ አድርቃ፣ አዲስ ለጥፋ ስትመለስ አለቃዋ በተጀመረው ጨርቅ አጠገብ ቆሟል።

"እንዲህ ትተሽው የት ሄድሽ?"

"አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ወደፊትም አንዳንዴ ይፈጅብኛል። ጠረጴዛዬን ግን ለሌላ እንዳትሰጥብኝ።" ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

አለቃዋ የተቆረጠውን እጅጌ አንስቶ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ። "አንገቱን ጨርሺና የትልቁን ልክ ልብስ መቁረጥ ቀጥዪ" አላት።

መቀሱን አነሳች።