ጫፉ የጠቆረው መቋሚያ

ከቤቴ በር ጀርባ አንድ መቋሚያ ቆሟል። መስቀለኛው ራሱ በጉንጭና በጆሮ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። የታችኛው ጫፉ ግን ጠቁሯል፤ ይህን ያህል ክረምት አልፎትም ዛሬም ሲያሸቱት ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ትናንት የልጅ ልጄ ዶሮ ሊያባርርበት ሲያነሣው፣ "መልሰው፣ እሱ የአያትህ ጆሮ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ፤ አያቱን አላወቀውም።

የልጆቼ አባት መካኒክ ልሁን ብሎ አልተነሣም። ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ድጓ ይማር የነበረ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ታመመና ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ያሳፈረችው የጭነት መኪና ዳገት ላይ ቆመች። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ሥሯ ገብቶ ሲታገል እሱ መቋሚያውን ተደግፎ "ከድምፆቹ አንዱ ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቷል" አለው አሉ። ሹፌሩም "እንግዲያው ገብተህ ቀድስላት" ብሎ ቀለደበት። ያ ቀልድ እንጀራው ሆነ። እዚያው ረዳት ሆኖ ቀረ፣ ቀስ በቀስም መፍቻ ያዘ። እኔን አግብቶ አርብ ገበያ ስንገባ የሐጂን መኪና የሚጠግነው እሱ ብቻ ነበር። ሐጂ የምንላቸው ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ ደግ ሰው ናቸው። መኪናቸው እንኳ አሮጊት ነበረች፤ ቀለሟ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ አይለይም።

ማታ እጁን በአመድ እያሸ ሲታጠብ የእሷን ነገር ያወራልኝ ነበር። "ጭሷን እዪ፣ ሕመሟን ትነግርሻለች" ይለኛል። ጥቁር ካጨሰች ትንፋሽ አጥሯታል፣ የአየር ማጣሪያዋ አቧራ ጠግቧል። ሰማያዊ ካጨሰች የገዛ ዘይቷን እየበላች ነው። ጠዋት ነጭ ብታጨስ ብርድ ነው፣ ይለቃታል፤ ሞቃም ነጭ ካጨሰች ግን ክፉ ነው፣ ውኃ ገብቷታል። ድምፅዋን ደግሞ በዜማ ነበር የሚለየው። የመቋሚያውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና መስቀለኛውን ራስ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ስትነሣ ደረቅ ነው ድምፅዋ፣ ግዕዝ ይለዋል። ስትሞቅ ይለሰልስና ዕዝል ይሆናል። ዳገት ላይ ጭነት ሲከብዳት አራራይ ታወጣለች፤ "አሁንስ ልታስለቅሰን ነው" ብሎ ይስቃል። የሐጂ ሹፌር ግን "አስማት ደግሞባት ነው እንጂ ይህቺ ብረት በራሷ አትነሣም" እያለ ያማው ነበር።

እንዲህ ስንኖር ጆሮው ከዳው። የሞተሩ ጩኸት ይሁን፣ ያ የጥንት ሕመም ይሁን እንጃ። ጎረቤቱ "ደብተራው መኪና ነክቶ ኮራ፣ ሰላም ሲሉት ዞር አይልም" ይል ጀመር። እኔም የኮራብኝ መስሎኝ አኩርፌ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከኋላው "ልጁ ወደቀ!" ብዬ ስጮህ ጫማውን ማሰሩን አልተወም። ያኔ ገባኝ። ፊቱ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አፌን አፌን አየና፣ "አወቅሽ አይደል? ለሰው እንዳትናገሪ። ከሰሙ መፍቻዬን ይቀሙኛል። መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፣ በምን አኖርሻለሁ?" አለኝ።

መቋሚያውን በጥርሱ እየነከሰ ሞከረ። "መንቀጥቀጧን ይነግረኛል፣ ዜማዋን ግን አይነግረኝም" አለ። ይህን ሲል የድምፁን ልክ እንኳ አያውቀውም፤ ይጮህ ነበር።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሙቀጫ ግን አውቃለሁ። በልጅነታችን ለድግስ ጌሾ ስንወቅጥ አራት ሆነን አንድ ሙቀጫ እንከብና በየተራ ዘነዘና እናወርዳለን። አንዷ ካመለጣት ምቱ ይጎድላል፣ ሁላችንም እናውቅባታለን። መዳፉን ወስጄ ጣቶቼን እንደ ዘነዘና በየተራ አወረድኩበት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ "የእሷም አራት ናቸው" አለ። ናፍጣው የሚቃጠልባቸው የሞተሩ ጉድጓዶች ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምሳ አደርሳለሁ እያልኩ እከተለው ጀመር። መቋሚያውን እኔ ጆሮ ላይ አደርገዋለሁ፣ የሰማሁትን እሱ መዳፍ ላይ እመታለሁ።

አንድ ሐሙስ መኪናዋ ለነገው ገበያ ጨው ተጭና መጣች። ከሩቅ ሲሰሟት ታነክሳለች። ሐጂ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሹፌሩ ሌላ መካኒክ ከደብረ ታቦር ይምጣ ሲላቸው ሰንብቷል። እኔን ሲያይ፣ "ዛሬ ደግሞ ሚስት ይዞ መጣ፤ ታጥባት ይሆን?" አለ። ሰዉ ሳቀ። ባሌ አልሰማም። የሰዉን ጥርስ አይቶ እሱም አብሮ ሳቀ። ያቺ ሳቁ ዛሬም ታመኛለች።

ሞተሩ ተነሣ። በቀኙ መፍቻውን ይዞ ግራ እጁን፣ ወንድ ቆሞ ሲያስብ እንደሚያደርገው፣ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። በነጠላዬ ጋርጄ መታሁለት፤ ሦስቱ አሉ፣ አንዷ የለችም። ወደ መጀመሪያዋ ጉድጓድ የሚሄደውን የናፍጣ ቱቦ ትንሽ ላላ አደረገላት፤ ድምፁ ባሰበት፣ እንደባሰበት ነገርኩት። አጠበቀው። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ሦስተኛዋን ሲያላላ ድምፁ ምንም አልተለወጠ፤ እኔም ጣቴን አልለወጥኩም። ሰነፏ እሷ ናት፤ ብትሄድ ብትመጣ ሥራው የማይጎድልባት። ሞተሩን አጠፋና ናፍጣ የሚረጭላትን አፍንጫ ፈትቶ አወጣው፣ ጥላሸት ደፍኖታል፤ በንጹሕ ናፍጣ አጥቦ መለሰው። መስመሩ ሲከፈት አየር ይገባልና፣ በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ አረፋው እስኪጠፋ ገፋ፣ ገፋ። ስትነሣ መጀመሪያ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ልስልስ አለች። አራቱንም መዳፉ ላይ አወረድኩለት። ጣቶቼን ጭምቅ አደረጋቸው።

ሐጂ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። "ደብተራው" አሉ። እሱ መፍቻውን ይጠርጋል። ደግመው ጠሩት። እኔ እንዳልነካው ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እኅቴ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ካምና ክረምት፣ ሐጂ።"

ሹፌሩ "ምን አሉ?" እያለ ሲቀርብ፣ "አብረው ይምጡ ነው ያልኩት። ለዚህች አሮጊት አንድ ሰው አይበቃትም" አሉትና ሄዱ። መፍቻውን አልቀሙትም። መኪናዋ ተሸጣ ከአገር እስክትወጣ ድረስ አብረን ጠገንናት።

ሐዘናችን ያለቀ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ጊዮርጊስ ነገሠና ታቦቱ ወጥቶ ካህናቱ ወረብ ሲወርቡ እሱም መቋሚያውን ይዞ ተሰለፈ። ሌላው ሲያነሣ ያነሣል፣ ሌላው ሲያወርድ ግን እሱ ገና ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ማዶ ቆሜ ጣቶቼ ይበሉኛል። ሴት፣ ከካህናቱ መካከል ገብታ መዳፍ አትመታ ነገር። አንድ ወጣት ደብተራ እጅጌውን ይዞ ሳብ አደረገው፤ በክፋት አይደለም፣ ሊረዳው ነው። እሱ ግን ዙሪያውን አየ። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ።

ከጽዱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ከኋላው ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ዞር ሳይል ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። የከበሮውን ምት መታሁለት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንዳለ እንጃ፣ ከእልልታው ብዛት አልሰማሁትም።

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ውስጥ አልገባም።

ባረፈ ዕለትም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ እጁን ዘረጋልኝ። ምን እንደምመታለት ጠፋኝ፤ ሞተር የለ፣ ከበሮ የለ። ጆሮዬን ጀርባው ላይ አስጠግቼ የራሱን ልብ አዳመጥኩና እሱኑ መታሁለት። ሲዘገይ ዘገየሁ። ሲያርፍ ጠበቅኩት።

ትናንት ልጁ መቋሚያውን ቦታው ከመለሰው በኋላ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። አሁን አሁን መኪናው ሁሉ አዲስ ነው፣ እንዲህ ያለው ድምፅ አይገኝም። አንዷ ጎድላለች። ሳላስበው ጣቶቼ ተነሡ፣ የሚያርፉበትንም ፈለጉ፤ መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳቸው።