በከዋክብቱ መሃል

ሰልዋ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ በሚገኝ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ጌጥ በኮምፒውተር ትነድፋለች። አንድ ኮከብ ትስልና ሕግ ትሰጠዋለች፤ ጫፍህ ይህን ያህል ይሁን፣ ጎረቤትህን በጫፍህ ብቻ ንካው። ከዚያ አንዲቷን ቁጥር ስትለውጥ ስክሪን ሙሉ ኮከብ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ሲያዛጋ ሁሉም እንደሚያዛጋ ቤተሰብ።

በሰፈሯ መስጊድ የሴቶች ክፍል መስኮት ሊከፈት ነው ሲባል ግን ልቧ ተሰቀለ። እናቷ ዘይነባ የምትሰግደው እዚያ ነው፤ ድፍን ግድግዳ ሥር። ሰልዋ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነደፈች፤ ባምላኩ፣ ብረት ቆራጩ፣ ለናሙና ላሜራ ላይ ቆርጦ አወጣላት።

የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ መህዲ መጡና ላሜራውን ፀሐይ ላይ አቆሙት። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ማሻአላህ! ግን ልጄ፣ በኮከቦቹ መሃል ያለው ምንድነው?»

ሰልዋ እስካሁን ኮከቦቹን ብቻ ነበር የምታየው። አራት ከዋክብት በመሃላቸው የተዉት ክፍተት፣ ጥርት ያለ መስቀል፣ ወለሉ ላይ ተኝቷል።

ባምላኩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሰሊ፣ ለኛ ደብር ነው እንዴ የሠራሽው?»

ሐጂም ሳቁ። «እኔ ምንም አልልም። ሰው ግን ከጌጡ ይልቅ ወሬውን ያያል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ተራ ፍርግርግ እናስገባለን።»

ወደ ቤቴል በሚሄደው ታክሲ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። የነደፈቻቸው ከዋክብት በሐሳቧ በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ አብረዋት ይጓዙ ጀመር። መስቀሉን ብታጠብበው ኮከቡ ይጣመማል። ለነገሩ መስቀሉን ማንም አልሳለውም፤ ከጎረቤቶቹ ነው የተወለደው። ታዲያ ጎረቤቶቹ ቢለወጡስ?

«እህት፣ የት ነሽ ወራጅ?» አለ ረዳቱ።

«አሥራ ሁለት!»

«አሥራ ሁለት የሚባል ፌርማታ የለንም!» ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ አንድ ፌርማታ አልፋ ነበር።

በማግስቱ ስምንትን አጠፋችና አሥራ ሁለት ጻፈች። ስክሪኑ የተነፈሰ መሰለ። የከዋክብቱ ጫፍ በዛ፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተትም ጥርስ ጥርስ እያወጣ ቀስ ብሎ ፈካ።

ሐሙስ ባምላኩ አዲሱን ናሙና ፀሐይ ላይ አቆመ፤ ሐጂ ወለሉን ቁልቁል አዩ። «መስቀሉ የት ሄደ?»

«ያው ቦታው ላይ ነው ሐጂ። የኮከቦቹ ጫፍ ሲበዛ አበባ ሆነ።»

ሽማግሌው ብርሃኑን ላለመርገጥ ዞረው ወጡ። ከደጅ ሆነው «በሉ ቁረጡት!» አሉ።

«ባለ መስቀሉ፣ የመጀመሪያው ላሜራ የኔ ነው፣» አለ ባምላኩ ቶሎ ብሎ። «አስኮ፣ ቤቴ በር ላይ እገጥመዋለሁ። ምን፣ ሊጣል ነው እንዴ?»

መስኮቱ በተገጠመ በመጀመሪያው ጁምዓ፣ ዘይነባ ሰላቷን ጨርሳ እጇን ብርሃኑ ላይ ዘረጋች። አበባው መዳፏ ላይ ቁጭ አለ።

«ስንት ነው ያልሽኝ ቁጥሩ?»

«አሥራ ሁለት፣ እማ።»

«እኔ እንጃ፣» አለች መዳፏን ሳታጥፍ። «እኔ የማየው ብዙ ነው።»