የፈረምኩባቸው ኮሶዎች

የመሥሪያ ቤታችን ዐርማ ያለበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከማኅተሙ ጎን አንድ ዛፍ ተስሏል፤ ኮሶ ነው ይላሉ። ሠዓሊው በሕይወቱ ኮሶ ያየ አይመስለኝም፤ ቅጠሉ የማንጎ ቅጠል ነው። የእኔ ንዴት ግን ከሥዕሉ አይደለም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ዕፅዋት አጥንቼ ስመረቅ ምድቤ ምሥራቅ ጎጃም ሆነና ቢቸና መጣሁ። እንደ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር፤ አልጠየቅኩም፤ አገሩን ወደድኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። አካባቢው የሚታወቅበት አንድ ዛፍ፣ አንድ ወፍና አንድ የሚጎበኝ የተፈጥሮ ስፍራ ተመርጦ ይላክ ይላል። ስፍራው ከዚያ ወዲያ በሕግ ይጠበቃል፤ ዛፉና ወፉ ዐርማ ላይ ይገባሉ። ከቢቸናና ከሞጣ በኩል ኮሚቴ ተዋቀረ። ዕፅዋት የተማረ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዛፉንም ስፍራውንም ፈልገሽ አምጪ ተባልኩ።

በታኅሣሥ ወር ሞጣ ሄጄ አደርኩና በማግሥቱ የቀበሌውን ሊቀመንበር ይዤ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። መንገዱ የሚያልቀው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከታች ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ገደል፣ ከዚያ ወዲያ የሰማያዊ ተራራ ድርድር። አፋፉን ይዘው የቆሙ አሥራ አንድ ትልልቅ ኮሶዎች ነበሩ። ሴቴዎቹ አብበው ቀይ ዘለላቸው እስከ ታች ተንጠልጥሏል። በሥራዬ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ግን አላየሁም።

"ለመቁረጥ ከሆነ የመጣችሁት አሁኑኑ ተመለሱ" የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማን።

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ረዥም እናት ነበሩ። እርሻቸው ከዛፎቹ ጋር ይዋሰናል። ሊቀመንበሩ የመጣንበትን ነገራቸው፤ እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ቁጭ ብለን ስናወጋ ታሪካቸውን አወጡልኝ። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም ኮሶዎቹን ለጣውላ ሊሸጥ ሰው አምጥቶ ነበር። እሳቸው ግንዱን አቅፈው አላስነካ አሉ። ተካሰሱ፤ ሦስት ዓመት ሞጣ ተመላልሰው ረቱ። ከዚያ ወዲህ የባላቸው ዘመዶች ለቅሶ እንኳ አይደርሱላቸውም።

"ለምን ይህን ያህል?" አልኳቸው።

በእጃቸው ወደ ግራ አሳዩኝ። አፋፉ እዚያ ጋ ተቦድሷል። "እዚያም ኮሶ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ቆረጡት። በሦስተኛው ክረምት መሬቱ ተከትሎት ሄደ። እነዚህ ከሄዱ እርሻዬ ይሄዳል፤ እርሻዬ ከሄደ እኔ የት እሄዳለሁ?"

ዛፎቹን ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ጻፍኩ። ስነሳ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። አሁን ተጻፈ ማለት ይቆረጣል ማለት ነው ወይስ አይቆረጥም?"

"አይቆረጥም እናቴ። ከእንግዲህ ማንም አይነካቸውም" አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ኮሚቴው የካቲት ላይ ቢቸና ተሰበሰበ። ስፍራውን ሁሉም ወደደው። ኮሶን ዐርማ እናድርገው ስል ግን ሳቅ ሆነ። ከኮሚቴው አንዱ "እንግዳ ሲመጣ ኮሶ ያለባችሁ ሰዎች ናችሁ ወይ ቢለን ምን እንመልሳለን?" አለ። ሌላው አንበሳ ይሁን አለ። ዛፍ ነው የተጠየቅነው ብለን እንኳ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። እናቶቻችን በዚህ ዛፍ አበባ ስንት ሰው እንዳዳኑ፣ ደጋውን አፈር ይዞ ያቆየው እሱ እንደሆነ ተናገርኩ። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ "ሌሎች አካባቢዎች አልመረጡትም፤ በእሱ የምንታወቀው እኛ ብቻ እንሆናለን" አሉና በእሳቸው ቃል ጸደቀ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለእናቴ ደውዬ ሳይቀር ነገርኳት።

ከክረምቱ በኋላ አንድ ማለዳ ቢሮ ስገባ እኒያ እናት ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሞጣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ነው የመጡት። ቦታው ታጥሯል። ሽቦው ከብቶቻቸው ውኃ የሚወርዱበትን መንገድ ዘግቶታል። ጥበቃ ተቀጥሯል፤ ጥበቃው የባላቸው ወንድም ልጅ ነው። የወደቀ ጭራሮ ሊለቅሙ ሲገቡ "የመንግሥት ቦታ ነው" ብሎ አስወጥቷቸዋል።

ወደ ኃላፊው ይዣቸው ገባሁ። ተቀመጡም አላሏቸው።

"ጥበቃ ማለት ይኸው ነው" አሉ ኃላፊው። "ቅርሱ የሕዝብ ነው። አንድ ግለሰብ የእኔ ነው ማለት አይችልም።"

"እኔ የእኔ ነው አላልኩም ጌታዬ። ጠበቅሁት ነው ያልኩት" አሉ እሳቸው።

"እናመሰግናለን። ከእንግዲህ እኛ እንጠብቃለን።"

ወጥተን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። እናገራለሁ፣ መንገዱ ይከፈታል አልኳቸው። ሁለት ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ሁለቱም "ታይቷል" ተብሎ ፋይል ውስጥ ገባ።

ታኅሣሥ ላይ የምርቃት ቀን ደረሰ። ከበላይ እንግዶች ስለሚመጡ ከቢቸና ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ሄድን። ለመኪናዎቹ ሲባል አዲስ ጥርጊያ መንገድ ወጥቶ እስከ አፋፉ ያስገባል። በመግቢያው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ እኔ ያነሳሁት የኮሶ ፎቶ ነው። ከባነሩ ሥር አልፌ ዛፉን በዓይኔ ፈለግሁት። የለም።

ስድስቱ ተቆርጠዋል። መሐል ለመሐል ያሉት፣ ትልልቆቹ። በሞተር መጋዝ ነው የተቆረጡት፤ ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ቀዩ አበባ መሬት ላይ ተነጥፎ እንግዶቹ ረግጠውት ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ጌጥ መስሏት አንድ ዘለላ አንስታ ፎቶ ተነሳች። ከጉቶዎቹ አጠገብ የሲሚንቶ መድረክ ተሠርቷል። ለምን ተቆረጡ ብዬ ከኮሚቴው አንዱን ጠየቅሁት።

"እይታ ጋርደው ነበር። እንግዶቹ ገደሉን የሚያዩት በምን ነው?" አለኝ። ከምሩ ነው የነገረኝ።

ንግግር ተደረገ። ተፈጥሮን ስለመጠበቅ ተወራ፤ ተጨበጨበ። ከአጥሩ ውጭ እኒያ እናት በእርሻቸው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ወደ እሳቸው መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ አፈርኩ።

ስንመለስ ኃላፊው መኪና ውስጥ አንድ ወረቀት አቀበሉኝ። ስድስት ዛፎች በመድረቃቸው ለጎብኚዎች ደኅንነት ሲባል ተነሥተዋል ይላል። ከሥሩ የባለሙያ ስም ብሎ የእኔ ስም ተጽፏል።

"አልደረቁም እኮ" አልኩ።

"ዛፎቹ እንደሆኑ አይመለሱም። አሁን ፈርሚና እንሂድ፤ ሰው ርቦታል።"

መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁሉ አዩኝ። ደክሞኝ ነበር። ብቻዬን መሆንን ፈራሁ። ጭኔ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። ያንን ሰውዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም። ራሴንም ይቅር አላልኩም።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አፋፉ ተናደ። ሦስተኛ ክረምት እንኳ አልጠበቀም። የመድረኩን አንድ ጥግና ከእኒያ እናት እርሻ ሰፊ ቁራጭ፣ ከነጤፉ፣ ይዞ ወረደ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ "የተፈጥሮ አደጋ" አለው። መድረኩ በወሩ ተጠገነ። ስለ እርሻው አንድም ሰው አልተነፈሰም።

እኒያ እናት ግን ፍርድ ቤት ያውቃሉ። በር ላይ በሚቀመጥ ጸሐፊ ማመልከቻ አስጻፉና ከሰሱ። ጠበቃ አላቆሙም። መሥሪያ ቤቱ በመልሱ ያያዘው ማስረጃ እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ነው። ያን ጊዜ በሞጣ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬን ስልክ ተቀብለው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ደርቀዋል ብለሽ ፈርመሻል አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

 

"እንግዲያስ መጥተሽ አልደረቁም በይ" አሉኝ።

ኃላፊው ልመሰክር መሆኔን ሲሰማ ቢሮው ጠራኝ። ዝውውር የምትፈልጊ ከሆነ ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ፣ ደሴ ቤተሰብሽ ጋ ትገቢያለሽ አለኝ። ለስንት ዓመት ሰው የሚለምነው ነገር በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አልፈልግም ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት ላይ ሞጣ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ትንሽ ክፍል ናት፤ ከኋላዬ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ተደርድረዋል። ዳኛዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። ወረቀቱን አሳየችኝ።

"ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ዛፎቹ ደርቀው ነበር?"

"አልደረቁም። አብበው ነበር። የተጻፈው ሐሰት ነው፤ የፈረምኩትም ከምርቃቱ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው።"

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የጉቶዎቹን ፎቶ አሳየሁ። በምርቃቱ ቀን ሰው ሁሉ ገደሉን ሲያነሳ እኔ እነሱን አንስቼ ነበር። ለምን እንዳነሳኋቸው ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ፍርዱ ግማሽ ነው። የውኃው መንገድ ተከፈተ፤ ከቀሩት አምስት ኮሶዎች አንዱም እሳቸው ሳያውቁ እንዳይቆረጥ ታዘዘ። የተናደውን እርሻ በተመለከተ መንስኤው በባለሙያ ይጣራ ተባለ፤ እስካሁን አልተጣራም። ለእኔም ከመሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ምክንያቱ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ መፈረም ነው። ልክ ናቸው። አስፈርሞኝ የነበረው ግን ወደ ትልቅ ከተማ አድጎ ሄዷል።

ያን ዕለት ከፍርድ ቤት ስንወጣ እኒያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ይመርቁኛል ወይም ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ብትይው ይሻል ነበር" አሉኝ። "ዛሬም ብለሽዋል። ደህና ግቢ።"

አገራቸው ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሳይመሽ ለመድረስ ፈጠን ብለው ሄዱ።