ዝም በይ ያላት መሣሪያ

ፀጉር ሠሪዋን ደንበኞቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ማበጠሪያ ከያዘች አፏ አያርፍም። ከሁለት ዓመት በፊት ከግራ ጡቷ የካንሰር ዕጢ ሲወጣላት፣ ከማደንዘዣው ነቅታ መጀመሪያ የጠየቀችው የነርሷን ፀጉር ማን እንዲህ እንዳበላሸው ነበር።

ዘንድሮ ለክትትል ስትሄድ ታዲያ ማሞግራፊው ከጠባሳው አጠገብ አንድ ጥላ አሳየ። በአልትራሳውንድ ቢታይም አልለይ አለ። ሐኪሟ ጠባሳው ይሁን ዕጢው ተመልሶ ለመለየት በኤምአርአይ ማየት አለብን አለቻት። እሷም ለእህቷ ስትነግራት እንዲያው ለወጉ ነው ብላ አቃለለችው። እህትየው ግን አስተማሪ ናት፤ ስንት ተማሪ ዋሽቷታል። ነገሩ ስላልጣማት አብሬሽ ካልሄድኩ አለች።

በቀጠሮው ቀን የኤምአርአይ ባለሙያው በሆዷ አስተኝቶ ጡቶቿን በአልጋው ክፍተት አስገባላት፤ ማቅለሚያ መድኃኒት የሚሰጥበትን መርፌም ክንዷ ላይ ሰካላት። እንዳትነቃነቅ፣ እንዳታወራም ለመናት። መሣሪያው መንኳኳት ሲጀምር እሷም ጀመረች፤ ሚስት አግብቶ እንደሆነ፣ ፀጉሩ ከፊት የሳሳው በዘር ይሁን በሐሳብ ጠየቀችው። ምስሉ ተደበላለቀ።

«እማማ፣ እርስዎ ሲያወሩ ደረትዎም አብሮ ያወራል» አላት በማይክሮፎኑ። «እንደገና ልንጀምር ነው።»

«እማማ» መባሏ አስቀይሟት ዝም አለች። ዝም ስትል ግን በወሬ ስትሸሸው የከረመችው ነገር መጣባት። ቢመለስስ? እንባዋ ወረደ። ለመጥረግ እጇን ማንሳት ነበረባት፤ አላነሳችም። መሣሪያው እስኪጨርስ ድረስ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለች።

በሳምንቱ ሐኪሟ ምስሉን ለሁለቱም በኮምፒውተሯ አሳየቻቸው። ዕጢ ቢሆን ኖሮ ማቅለሚያውን ስቦ ይደምቅ እንደነበር፣ ይሄኛው ግን ሳይደምቅ ዝም ማለቱን አስረዳቻቸው። ጠባሳ ነው፤ ለማንኛውም ከስድስት ወር በኋላ ደግመው ያዩታል።

«ተመስገን» አለች እህትየው፤ «አንቺም ጋ ዝም የሚል ነገር ተገኘ።»

ሐኪሟ ሳቀች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ፀጉር ሠሪዋ ቁጭ አለችና ያን ቀን ያልጠረገችውን እንባ ጠረገች። እህትየው ቦርሳዋን ተቀብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ወጪ ገቢውም እነሱን እየዞረ ያልፍ ጀመር።