ጨው ያልታጠበለት ሻንሲ

እስቲ ጎንበስ በሉና ይህን ሻንሲ እዩት። ከላይ ያለውን አረንጓዴ የላንድሮቨር አካል ተዉት፤ እሱን ሁሉም ያየዋል፣ ፎቶም ይነሣበታል። ከስር ያሉትን ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ መኪናውን ሁሉ የተሸከሙትን እዩ። ጥቁር ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ፤ ጤነኛ ይመስላሉ። አባይነህ ግን የግራውን ብረት በካቻቢቴ ገፋ ሲያደርገው፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ።

አባይነህ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አርባውን የፈጀው ከሐረር ግንብ ውጭ ባለ አንድ ጋራዥ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዝገት ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ነው። ከመኪና ስር መተኛቱ አይከብደውም፤ ጣጣው መነሣቱ ነው። በያጁ ደረጀ እጁን ይዞ ካልጎተተው ከካርቶኑ ላይ አይነሣም።

"ምን አገኘህ ጋሼ?" አለው ደረጀ።

"የራሴን ሥራ።"

እውነቱን ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት መኪናው የአንድ ጨው ነጋዴ ነበር። ሰውየው ከጅጅጋ በኩል ጨው በጆንያ ያመላልሱበት ነበር። ለዓመታዊው ምርመራ ሁለት ቀን ሲቀር ወደ ጋራዡ አመጡት። ሻንሲው ላይ ያረፈው ጨው በውኃ መታጠብ ነበረበት፤ ግን ውኃ ከቧንቧ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐረር ውስጥ አንድ ጀሪካን ውኃ ለድስት ነው እንጂ ለብረት አይደለም። አባይነህ ናፍጣ በነከረው ጨርቅ ወለወለው። ናፍጣ ቅባት ያነሣል፣ ጨው ግን አያሟሟም። ይህን አያውቅም ነበር? አሳምሮ ያውቃል! ከዚያ ሬንጅ አሙቆ ለበጠበት። አብረቀረቀ። መርማሪው አየና አሳለፈው፤ ባለ መኪናው መረቁት። ጨዉም ከሬንጁ ስር ተሸሽጎ ብረቱን ሲበላ ኖረ። ስንቱን ነው እንዲህ የለበጥነው! ብቻ ያብረቅርቅልን እንጂ፣ የሚበሰብሰው መቼ ገዶን ያውቃል?

ሰውየው አምና ሞቱ። ፈረስ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ልጃቸው አንዋር መኪናውን አሳድሶ፣ ቅዳሜ እህቱን ዘምዘምን በአባቷ መኪና ሊድራት ቆርጧል። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ ቆርቆሮ ሬንጅ በባጃጅ ይዞ ከች አለ።

"ጋሽ አባይነህ፣ አለቀ አይደል?"

"አልተጀመረም፣ ልጄ።"

"ወላሂ አይቀልዱብኝ! ይኸው ሬንጁ። በናፍጣ ወልወል አድርገው ይቀቡት፤ እንደ ድሮው የሚያበራ ይሁን።"

ደረጀ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ "ቀባው ባክህ ጋሼ! ሙሽራ ከመኪና ስር ገብታ አታይ" አለ።

ቢቀባው እስከ ምሳ ያልቃል። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። መኪናው ግን ቅዳሜ ሙሽራና ሚዜ ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከተናገረ ደግሞ ነገ ከተማው ሁሉ "ሻንሲ ያበሰበሰው አባይነህ" ይለዋል፤ በዚህ ዕድሜው ማን ሥራ ያመጣለታል? ደክሞት ነበር። መዋሸትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

"ና፣ እዚህ ካርቶን ላይ ተኛ" አለው።

"ሱሪዬስ?"

"ይቆሽሽ።"

አንዋር እያጉረመረመ ተኛ። አባይነህ ካቻቢቴውን አስጨበጠው። "ግፋው።" ገፋው። ብረቱ እንደ ብስኩት ተፈርፍሮ ቡናማ ዱቄት ፊቱ ላይ ወረደ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ። አባትህ ቸኮሉ፣ ውኃ ጠፋ፣ እኔም ጨዉን ሳላጥብ ሸፈንኩት። የሳቸው ችኮላ ይሁን፤ የቀባው ግን የኔ እጅ ነው።"

አንዋር ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። "አባዬ እኮ እስኪሞት፣ 'አባይነህ የነካው አይበሰብስም' ይል ነበር!"

"ተሳስተው ነው።"

"ታዲያ ዘምዘምን በባጃጅ ልውሰዳት?"

"ውሰዳት። የባጃጁ ብረት ቢያንስ አልተበላም።"

ደረጀ ሳቀ። አንዋር አልሳቀም።

"ስማኝ" አለ አባይነህ። "ሬንጁ ሙልጭ ብሎ ይፋቃል። ጨው የሚያወጣው ውኃ ብቻ ነው፤ አሥር ጀሪካን ላክልኝ። የተበላውን ደረጀ ቆርጦ በአዲስ ይበይደዋል። ከዚያ ቀዩን የዝገት መከላከያ ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ፤ በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል። ከላዩ ጥቁር የዘይት ቀለም። እንደ ሬንጅ አያብረቀርቅልህም። ዝገት ሲጀምረው ግን ይታይሃል፤ ሬንጅ ይደብቅብሃል። ሁለት ሳምንት ስጠኝ።"

አንዋር የሬንጁን ቆርቆሮ አንሥቶ ሄደ። አባይነህ፣ ሌላ ጋራዥ ሊወስደው ነው፣ እዚያ እስከ ምሳ ይለብጡለታል ብሎ ተስፋ ቆረጠ። በማግስቱ ግን አንድ ባጃጅ አሥር ቢጫ ጀሪካን ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። "አንዋር ነው የላከው" አለ ሹፌሩ፤ "'ጨዉ ካልለቀቀ እጨምራለሁ' በላቸው ብሏል።"

አባይነህ ሦስት ቀን ሙሉ ሬንጅ ሲፍቅ ሰነበተ። ቅዳሜ የሙሽራዋ አጃቢ መኪኖች ጡሩንባቸውን እየነፉ በጋራዡ ደጅ ሲያልፉ፣ አባይነህ ከላንድሮቨሩ ስር ሻንሲውን ያጥብ ነበር። በየጀሪካኑ መጨረሻ ከብረቱ የሚንጠባጠበውን ውኃ በጣቱ ይነካና በምላሱ ጫፍ ይቀምሳል፤ ይተፋል። ስድስተኛው ላይ ጨው ጨው ይል ነበር። ስምንተኛውም። ዘጠነኛው ላይ ዝገት ዝገት ብቻ አለው።

እናንተም፣ አንድ የደከመ ሠራተኛ ጥፋቱን በራሱ አፍ ነግሯችሁ "ሁለት ሳምንት ስጠኝ" ሲላችሁ፣ እባካችሁ አትቆጡት፤ ስጡት።